ዜብራ ዓሣን ለምርምር፦ ከውኃው ጀምሩ

ዜብራ ዓሣ ከትንሿ ጣታችን የማይበልጥ ዓሣ ነው። አድጎ ሲጨርስ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የሚዘልቁ ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች አሉት። ስሙም ከዚያ መጣ። የትውልድ ቦታው ደቡብ እስያ ነው። በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በኔፓል ጥልቀት በሌላቸው ጅረቶችና በሩዝ ማሳዎች ውኃ ውስጥ ይኖራል።

ለዘረመል ምርምር በር የከፈተለት ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው። በአሜሪካ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ዓመታት ከደከመበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራውን አሳተመ። በ1996 ደግሞ በጀርመን ቱቢንገንና በአሜሪካ ቦስተን የነበሩ ቡድኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ሚውታንት (ጂናቸው የተለወጠ) ዓሦችን ይዘው ብቅ አሉ። በ2013 ሙሉ ጂኖሙ (የዘር መረጃው በሙሉ) ሲታተም ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓሣ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዘመድ ጂን እንዳላቸው ታወቀ።

ተመራማሪ የሚወደው ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። እንቁላሉ ከእናቱ ሆድ ውጭ ይዳቀላል። ሽሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ልብ ሲመታ፣ ደም ሲሮጥ፣ ዓይን ሲሠራ ምንም ሳትቆርጡ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ከማይክሮስኮፑ መነሳት አቅቶኝ ነበር።

ጀማሪ ሁሉ ስለ ክሪስፐር (ጂን መቁረጫ ዘዴ) እና ስለ ፍሎረሰንስ (ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ ቀለም) ለማወቅ ይቸኩላል። ይገባኛል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ነገሮች ከሁሉም ይቀድማሉ፦ ውኃና ሰዓት። ውኃው ከተበላሸ እንቁላሉ ይበላሻል። ሰዓቱ ከተዛባ ንጽጽሩ ይዛባል። መመሪያውን የጻፍኩትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ውኃውን ማዘጋጀት

የቧንቧ ውኃ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ አትጨምሩ። ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። ውኃውን አየር እየነፋችሁ ለ24 ሰዓት ብታቆዩት ክሎሪኑ ይወጣል። አንዳንድ ቦታ ግን ውኃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ በካርቦን ማጣሪያ አሳልፉት፣ ወይም ሶዲየም ታዮሰልፌት ተጠቀሙ። አቅም ካለ ከሁሉም የሚሻለው ውኃውን በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ጨውን ጭምር በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) አጣርቶ የባሕር ጨውና ሶዲየም ባይካርቦኔት መልሶ መጨመር ነው። እንዲህ ስታደርጉ ውስጡ ያለውን በትክክል ታውቃላችሁ።

ሙቀቱን 28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርጉ። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ከ7 እስከ 7.5 ቢሆን ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ብዙ ላቦራቶሪዎች በሴንቲ ሜትር ከ500 እስከ 1000 ማይክሮ ሲመንስ መካከል ይይዙታል። ቁጥሩ ራሱ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ዓሣው ብዙ ይችላል። የሚጎዳው መዋዠቅ ነው።

አሁን ወደ ባክቴሪያዎቹ እንምጣ። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ አዲስ ገንዳ ገዝታችሁ በማግስቱ ዓሣ አትሙሉበት። ጥቂት ጠንካራ ዓሦች አስገቡና በየቀኑ ለኩ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ያኔ ገንዳው ደርሷል።

በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ ክፍል ማጣሪያው ቆሽሿል ተብሎ ስፖንጁ በቧንቧ ውኃ ታጠበ። ሥራው በቅን ልብ ነው የተሠራው። ክሎሪኑ ግን ባክቴሪያዎቹን ጨረሳቸው። ዓሦቹ አልሞቱም። ግን እንቁላል መጣል አቆሙ። የጣሉትም ቢሆን ግማሹ በሁለተኛው ቀን ይሞት ነበር። ጥፋቱን የኬሚካል ፈተናችን ላይ እየፈለግን ሳምንታት አለፉ። ስፖንጅ የሚታጠበው ከዚያው ገንዳ በተቀዳ ውኃ ነው። እሱም ለቀቅ አድርጎ ጨመቅ ማድረግ ብቻ፤ እስኪነጣ መፈተግ የለም።

መብራቱን ለ14 ሰዓት አብሩ፣ ለ10 ሰዓት አጥፉ። ሰዓት ቆጣሪ ይሥራው፤ በሰው እጅ አይሁን። ጨለማው ደግሞ እውነተኛ ጨለማ ይሁን። ሌሊት በበር ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን ጠዋት እንቁላል ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ዓሦቹን ማምጣት

ከጌጥ ዓሣ ነጋዴ የተገዛ ዓሣ ለመለማመጃ ይሆናል። ለምርምር ግን የዘር ሐረጉ የታወቀ ይሁን። ኤቢ፣ ቱቢንገንና ደብሊውአይኬ የሚባሉት የተለመዱ ናቸው። በአሜሪካ ዩጂን ከተማና በጀርመን ካርልስሩኸ ያሉት የዜብራ ዓሣ ማዕከላት እነዚህንና በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች የዘር መስመሮችን ይይዛሉ።

ከተቻለ ያደገ ዓሣ ሳይሆን እንቁላል ተቀበሉ። እንቁላሉ በቀላል በረኪና መፍትሔ ታጥቦ ይገባል፤ ከላዩ ያለው ጀርም ይቀራል። ያደጉት የሚመጡ ከሆነ ለብቻቸው ክፍል፣ ለብቻቸው መረብ፣ ለብቻቸው ውኃ። ማይኮባክቴሪየምና ፕሱዶሎማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ አንዴ ከገቡ ለማስወጣት ፈተና ናቸው። ፕሱዶሎማ አንዳንዴ በእንቁላሉ ውስጥ ስለሚያልፍ በረኪናውም ሁልጊዜ አያድንም። እዚህ ላይ መጠራጠር ነውር የለበትም።

በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 10 ዓሣ ይበቃል። በጣም ማጨናነቅም፣ አንድ ዓሣ ለብቻው ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነው።

ማራባት

ወንዱ ቀጠን ያለ ነው፤ ሆዱ አካባቢ ወደ ወርቃማ ቢጫ ያደላል። ሴቷ ሆዷ ነፋ ያለ ነው፤ ብርማ ትመስላለች። ለመራባት የሚደርሱት በ3 ወር ገደማ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማራቢያውን ሣጥን አዘጋጁ። ሣጥኑ ሁለት ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። የውስጠኛው ወለል ወንፊት ነው። ይህ ወንፊት የሚያስፈልገው ወላጆቹ የራሳቸውን እንቁላል ስለሚበሉ ነው፤ እንቁላሉ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፣ እነሱ ከላይ ይቀራሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አስገቡና በመካከላቸው የጠራ መለያ አድርጉ። እንዲተያዩ፣ ግን እንዳይገናኙ።

ጠዋት መብራቱ ሲበራ መለያውን አንሱ። ሣጥኑን ትንሽ አዘንብሉት፤ አንዱ ጎን ጥልቀቱ ይቀንሳል። በተፈጥሮ የሚራቡት ዳር ዳር ባለው ጥልቀት አልባ ውኃ ስለሆነ ይህን ይወዱታል። ወንዱ ሴቷን ማሳደድ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንቁላል ታያላችሁ። ጥሩ ጥንድ በአንድ ጠዋት ከ100 እስከ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ሰዓቱ ይጀምራል። መለያው የተነሳበትን ደቂቃ ጻፉ፣ እንቁላል የታየበትንም ጻፉ።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ ልንገራችሁ። 6 ጥንድ ካላችሁ መለያዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አታንሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንሱ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቀጣዮቹን፣ እንደገና ከ20 ደቂቃ በኋላ የመጨረሻዎቹን። እንዲህ ከሆነ ትኩስ እንቁላል በተራ በተራ ይደርሳችኋል። እንቁላሉን በመርፌ ለሚወጋ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲጨርሱ ጥንዶቹን ወደ ገንዳቸው መልሱና ቢያንስ አንድ ሳምንት ያርፉ።

እንቁላሉን መያዝ

በሻይ ማጥለያ ሰብስቡ፣ በንጹሕ የዓሣ ውኃ እጠቡ፣ ወደ ፔትሪ ሳህን ገልብጡ። ሳህኑ ውስጥ የሚኖረው ኢ3 የሚባለው የሽል ውኃ ነው። 60 እጥፍ የጠነከረውን አንድ ሊትር ለመሥራት 17.4 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.8 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ባለ ሁለት ውኃ ካልሲየም ክሎራይድና 4.9 ግራም ባለ ሰባት ውኃ ማግኒዥየም ሰልፌት አሟሙ። ፒኤቹን ወደ 7.2 አስተካክሉ። ለመጠቀም ከዚህ 16.5 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በውኃ አንድ ሊትር ሙሉ። ሻጋታ እንዳይወጣ ሜቲሊን ብሉ ጠብ አድርጉበት፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ከሆነ በቂ ነው። ፍሎረሰንስ የምታዩ ከሆነ ግን ሜቲሊን ብሉው ራሱ ስለሚያበራ ተዉት።

በአንድ 10 ሴንቲ ሜትር ሳህን ከ50 እስከ 60 ሽል ብቻ። ብዙ ሰው 200 ያጭቃል። ከዚያ አንዱ ሲሞት ባክቴሪያው ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ኦክስጅን ያጠረው ሽል እድገቱ ይዘገያል። በማግስቱ «ኬሚካሉ አዘገየው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ያዘገየው ግን መጨናነቁ ነው።

ከተዳቀሉ በኋላ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ለዩ። ያልተዳቀለው ወይም እንደ ወተት ነጭ ሆኗል፣ ወይም ሕዋሳቱ እኩል አልተከፈሉም። አውጥታችሁ ጣሉ። ምሽት ላይ፣ በማግስቱም ጠዋት ድገሙት።

የመጀመሪያው ቀን

ይህን ክፍል ማንም ሳይቸኩል እንዲያየው እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ምንም ሙከራ ሳታደርጉ ጤነኛ ሽል ብቻ እየተመለከታችሁ ዋሉ። ጤነኛውን የማያውቅ የታመመውን አይለይም።

የሽሉ ስፋት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከተዳቀለ በ45 ደቂቃ ሁለት ሕዋስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየ15 ደቂቃው ይከፈላል፦ 4፣ 8፣ 16፣ 32። በ3ኛው ሰዓት ወደ 1000 ይደርሳል። ሕዋሳቱ አስኳሉ አናት ላይ እንደ ኮፍያ ይቆለላሉ። ቀጥሎ ኮፍያው ወደ ታች እየተሳበ አስኳሉን ያለብሰዋል። 5 ሰዓት ከሩብ ሲሞላው ግማሹን ሸፍኗል። 10 ሰዓት ሲሞላው ጨርሶ ዘግቶታል፤ ጭንቅላቱና ጅራቱ የሚሆኑበት ቦታም ይለያል። ከዚያ የጡንቻ ክፍልፋዮች ከጀርባው ላይ አንድ በአንድ ይደረደራሉ። በ17ኛው ሰዓት አካባቢ ጅራቱ ብቻውን መወራጨት ይጀምራል። 24 ሰዓት ሲሞላ ልቡ መምታት ጀምሯል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሽፋኑ ይፈለፈላል።

ይህ ሁሉ ሰዓት የሚሠራው በ28.5 ዲግሪ ነው። ኢንኩቤተሩ (ሙቀቱን የሚጠብቀው ሣጥን) 25 ዲግሪ ላይ ከሆነ በ24 ሰዓት የሚደርስበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ወደ 30 ሰዓት ይወስድበታል። ስለዚህ የአንዱ ቡድን ሳህን ኢንኩቤተር ውስጥ፣ የሌላው ጠረጴዛ ላይ ከቆየ የምታነጻጽሩት እኩያ ያልሆኑ ሽሎችን ነው። ዕድሜን በግድግዳ ሰዓት ብቻ አትመኑ። የጡንቻ ክፍልፋዮቹን ቁጠሩ፣ የጭንቅላቱን ቅርጽ እዩ፣ ከዚያ ደረጃውን ጻፉ።

በመርፌ መውጋት

ጂን ለማጥፋት ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ክሪስፐርን ነው። በዜብራ ዓሣ ላይ መሥራቱ የታየው በ2013 ነው። ዲኤንኤውን የሚቆርጠውን የካስ9 ፕሮቲንና ወደ ተፈለገው ጂን የሚወስደውን መሪ አርኤንኤ አደባልቁ፣ ቀለሙ እንዲታያችሁ ጥቂት ፌኖል ሬድ ጨምሩ፣ በረዶ ላይ አስቀምጡ።

የመስታወት መርፌውን ሙሉና ጫፉን በወረንጦ በትንሹ ስበሩ። ከዚያ መጠኑን ለኩ። ሚኔራል ኦይል በተቀባ የመለኪያ ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ልቀቁ። የጠብታው ዲያሜትር 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ መጠኑ 1 ናኖ ሊትር ነው። ዲያሜትሩ በእጥፍ ቢያድግ መጠኑ 8 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው በዓይን ግምት መሥራት የማይሆነው። መርፌ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ለኩ።

እንቁላሎቹን በአጋሮስ (እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) ላይ በተቀረጹ ቦዮች ውስጥ ደርድሩ። መርፌውን በአንድ ቆራጥ ግፊት ሽፋኑን አሳልፉና ሕዋሱ ውስጥ ልቀቁ። ማመንታት እንቁላሉን ያንከባልለዋል። የሚወጋው ባለ አንድ ሕዋሱ ብቻ ነው። ሁለት ሕዋስ የሆነውን እለፉት፤ ከወጋችሁት ለውጡ በግማሽ አካሉ ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ ቀን ብዙ ትሰብራላችሁ። ሁላችንም ሰብረናል። እጅ የሚለመደው በሳምንታት ነው።

ከዚያው ጥንድ፣ ከዚያው ጠዋት ያልተወጉ 50 ሽሎች አስቀምጡ። ይህ ለድርድር አይቀርብም። የእኔ ደንብ ይኸው ነው፦ ካልተወጉት ውስጥ ከ10 አንዱ በላይ ከሞተ የዚያን ቀን ውጤት አልቆጥርም። እንቁላሉ ራሱ ደካማ ነበር ማለት ነው።

ውጤቱን ስታነቡ ሁለት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ ቴሊዮስት የሚባሉት የአጥንታማ ዓሦች ቅድመ አያት አንድ ጊዜ ሙሉ ጂኖሙ ተባዝቷል። ስለዚህ ብዙ የሰው ጂኖች እዚህ ሁለት ቅጂ አላቸው። አንዱን አጥፍታችሁ ምንም ካልታየ ሌላኛው ቦታውን ሸፍኖ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሞርፎሊኖ የሚባለው የጂን ማፈኛ የሚያሳየው ጉዳት በእውነተኛው ሚውታንት ላይ የማይታይበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ጥፋቱ የሞርፎሊኖው መርዛማነት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሚውታንቱ ሌሎች ጂኖችን አንቅቶ ጉድለቱን ይሞላል። በአንድ መንገድ ብቻ የተገኘ ውጤት ላይ አትቸኩሉ።

ኬሚካል መፈተን

ባለ 24 ጉድጓድ ሳህን፣ በጉድጓድ አንድ ሽል፣ ለእያንዳንዱ መጠን 20 ሽል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) 236 ቁጥር መመሪያ ሙከራውን ለ96 ሰዓት በ26 ዲግሪ ያስኬዳል። በየ24 ሰዓቱ አራት ነገር ያስመዘግባል፦ እንቁላሉ ረግቷል ወይ? የጡንቻ ክፍልፋዮቹ አልወጡም ወይ? ጅራቱ ከአስኳሉ አልተላቀቀም ወይ? ልቡ አይመታም ወይ? ኬሚካሉን ዲኤምኤስኦ በሚባለው ማሟሟያ ካሟሟችሁት ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበት ቡድን የግድ ያስፈልጋል።

የአንድ ጥንድ 60 ሽሎች 60 ራሳቸውን የቻሉ ምስክሮች አይደሉም፤ ወንድማማቾች ናቸው። በተለያየ ቀን፣ ከተለያዩ ወላጆች ቢያንስ 3 ጊዜ ድገሙ። የሚቆጥረው ሰው ደግሞ የትኛው ሳህን የየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። ሌላ ሰው ቁጥር ይለጥፍለት።

ማየትና ፎቶ ማንሳት

ከ24 ሰዓት በኋላ ጥቁር ቀለም መውጣት ይጀምራል። ይህን ለመከላከል 24 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ፒቲዩ የሚባለውን ኬሚካል በ0.003 በመቶ ስጡ። ታይሮይድ ላይ ግን ችግር ስለሚያመጣ ስለ ታይሮይድ የምታጠኑ ከሆነ ይቅርባችሁ። በዘሩ ቀለም የሌለውን ካስፐር የተባለ መስመር መጠቀም ይሻላል።

ሽፋኑን በሁለት ቀጫጭን ወረንጦዎች ቀዳችሁ አውጡ። ሽሉ እንዳይንቀሳቀስ 3 በመቶ ሜቲል ሴሉሎስ ውስጥ፣ ወይም በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ 1 በመቶ አጋሮስ ውስጥ አስተኙት። አጋሮሱ ለእጅ ለብ ሲል ነው ሽሉ የሚገባው።

ማደንዘዣው ትራይኬን፣ በሌላ ስሙ ኤምኤስ-222 ነው። አሲድ ስለሆነ ፒኤቹን ሳታስተካክሉ ብትጠቀሙ ዓሣውን ያሠቃያል። 400 ሚሊ ግራም ዱቄት በ97.9 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሙ፣ 2.1 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ትሪስ ጨምሩ፣ ፒኤቹን 7 አድርሱ። ከዚህ 4.2 ሚሊ ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር የዓሣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ያደነዝዛል። ሕይወቱ እንዲያልፍ ለማድረግ መጠኑ ይጨመራል፤ ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆያል። ትንንሽ እጮች ግን ለብዙ ጊዜ ይቋቋማሉ። እነሱን በሁለተኛ መንገድ አረጋግጡ።

ይህ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ራሱን ችሎ መመገብ የጀመረ እጭ እንደማንኛውም የምርምር እንስሳ ጥበቃ አለው። ይህም ብዙ ጊዜ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ተቋማችሁ የሥነ ምግባር ፈቃድ ከሰጠ በኋላ ነው የመጀመሪያው ጥንድ ሣጥን ውስጥ የሚገባው። ጥያቄያችሁ በ4 ቀን ሽል የሚመለስ ከሆነም ያደገ ዓሣ አትንኩ።

ማሳደግና መስመር ማቆየት

በ5ኛው ቀን አስኳሉ እያለቀ ነው፣ የአየር ከረጢቱም ተነፍቷል፤ እጩ ምግብ ይፈልጋል። ፓራሚሲየም ወይም ሮቲፈር የሚባሉትን ደቃቅ የውኃ ፍጥረታት ስጡ። ሁለተኛው ሳምንት ሲቃረብ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ትንሽ የጨው ውኃ ፍጥረት) ይከተላል። በጣም ብዙ እጮች የሚሞቱት በእነዚህ ቀናት ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የተረፈ ምግብ ውኃውን ያበላሻል። ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግማችሁ መግቡ። የተረፈውን በፒፔት ምጠጡ።

በመርፌ የተወጋው ትውልድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ሕዋሱ ለውጡን ይይዛል፣ ሌላው አይዝም። ስለዚህ ሲያድግ ከጤነኛ ዓሣ ጋር አዳቅሉት። ከልጆቹ ተመሳሳይ ለውጥ የያዙ ወንድና ሴት ለዩና እርስ በርስ አራቡ። ከልጅ ልጆቹ አንድ አራተኛው ለውጡን በሁለቱም ቅጂ ይይዛል። በጠቅላላው ግማሽ ዓመት ያህል ጠብቁ።

ለውጡን የያዘውን ለመለየት ዓሣውን አደንዝዛችሁ ከጅራት ክንፉ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር የምታህል ቁራጭ በንጹሕ ምላጭ ውሰዱ። ቁራጩን ቁጥር በተጻፈበት ቱቦ፣ ዓሣውን ያው ቁጥር በተለጠፈበት ሣጥን ውስጥ አድርጉ። በየዓሣው መካከል ምላጩን አጽዱ። ዓሣውን በንጹሕ ውኃ ውስጥ ስንጥቡ በደንብ እስኪንቀሳቀስ ጠብቁት። ክንፉ በ2 ሳምንት ገደማ መልሶ ይበቅላል።